ካርቶኑ የሚለውና ዓይን የሚያየው

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ ቡርቃ ጃቶ ከሚገኘው ቤታቸው አስጠርተውኝ ነበር። ውጭ አገር የምትሠራው ልጃቸው ለአዲስ ቴሌቪዥን መግዣ ብላ ገንዘብ ልካላቸዋለች። እርሳቸውም ከነቀምቴ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ወደ አንዱ ገብተው፣ ዋጋ ጠያይቀው፣ በሦስት ካርቶኖች ላይ የተጻፈውን በማስታወሻ ደብተር ገልብጠው ተመልሰዋል። የመምህርነት ልማድ ነውና ጽሑፉ ጥንቅቅ ያለ ነበር፡- አንዱ «ፎር ኬ»፣ ሁለተኛው «ፉል ኤችዲ»፣ ሦስተኛው «ኤችዲ ሬዲ»። «ልጄ፣ ፊዚክስ አስተማሪው አንተ ነህ፤ የትኛውን ልግዛ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሜትር ይኖርዎታል?» አልኳቸው።

ክፍሉ በወለጋ ከተሞች እንደምናውቃቸው ሳሎኖች ነው። በአንድ በኩል ቡፌ፣ በቡፌው መካከል ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው አሮጌ የቱቦ ቴሌቪዥን፣ ከፊት ለፊቱ ረጅም ሶፋ፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር ደግሞ አጫጭር መቀመጫዎች ይታያሉ። የክፍሉ መስኮት ከቴሌቪዥኑ ትይዩ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊቱ ላይ ያርፋል። ከሶፋው መደገፊያ እስከ ቡፌው ለካን፤ 2 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ልክ ነው። ለቤታችን ቴሌቪዥን ስንመርጥ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የነጥብ ብዛት መጨረሻ ላይ ሊታይ ይገባዋል ባይ ነኝ። ከእርሱ በፊት ርቀቱ፣ የመቀመጫው አቅጣጫ፣ ወደ ቤት የሚገባው ሲግናልና የኤሌክትሪኩ ጠባይ አሉ።

ጤናማ የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ ለማየት በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ያህል የማዕዘን ስፋት ይፈልጋል። ይህ ማዕዘን በ2.70 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 0.8 ሚሊሜትር ይመነዘራል። ከዚያ ይልቅ የተጠጋጉ ነጥቦች ለዓይን አንድ ናቸው። እንግዲህ የባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን መስኮት ቁመት 40 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከጋሼ ሶፋ ላይ የሚያይ ሰው ከላይ እስከ ታች የሚለየው 500 መስመር ገደማ ብቻ ነው። የድሮው የቱቦ ቴሌቪዥን እንኳ በፓል ሥርዓት 576 የሚታዩ መስመሮች ነበሩት! ኤችዲ ሬዲ የሚባለው ቢያንስ 720፣ ፉል ኤችዲ 1,080፣ ፎር ኬ ደግሞ 2,160 መስመሮች አሏቸው። ስለዚህ ባለ 32 ኢንች ፉል ኤችዲ ገዝቶ በዚያ ርቀት የሚቀመጥ ሰው ከገዛቸው መስመሮች ከግማሽ በላዩን አያያቸውም። መስኮቱ ባለ 43 ኢንች ሲሆን የሚለያቸው መስመሮች 680፣ ባለ 55 ኢንች ሲሆን 870 ገደማ ይደርሳሉ። የፎር ኬን 8,294,400 ነጥቦች በባለ 55 ኢንች ለይቶ ለማየት ሶፋውን እስከ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ድረስ ማስጠጋት ያስፈልጋል። በዚያ ርቀት ቴሌቪዥን የሚያይ ልጅ ከሆነ እናቱ ጆሮውን ይዛ ታስነሣዋለች።

ይህ ስሌት አዲስ አይደለም። የጃፓኑ ማሠራጫ ድርጅት ኤንኤችኬ የኤችዲ ምርምሩን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964፣ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ካገኘበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ ነበር። (በዚያው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥራውን ጀምሯል።) የኤንኤችኬ ተመራማሪዎች ስለ መስመር ብዛት ከማሰባቸው በፊት ሰው ምን ያህል ርቆ ይቀመጣል፣ ምስሉስ ከእይታው ሜዳ ምን ያህሉን ሲሞላ በቦታው ያለ ይመስለዋል ብለው ጠየቁ። ከመስኮቱ ቁመት ሦስት እጥፍ ርቀት ላይ የተቀመጠ ሰው እይታው 30 ዲግሪ ያህል በምስል ይሞላል፤ ለዚያ ርቀት የሚበቃ መስመር ሲፈለግ ከ1,000 የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ኤችዲ ማለት እንግዲህ በትውልዱ የርቀት ስም ነው። ካርቶኑ ግን ይህንን አይነግረንም። የመስኮቱን ቁመት በሜትር ለክታችሁ በሦስት ብታባዙት ፉል ኤችዲ ዋጋውን የሚያወጣበትን ርቀት ታገኛላችሁ። ለፎር ኬ በአንድ ተኩል ይባዛል።

አንዳንድ አንባብያን የወጣት ዓይን በጥሩ ብርሃን ከስድሳኛ ዲግሪም ያነሰ ይለያል ብላችሁ ትቃወሙኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስሌቴን በመጠኑ ያሻሽለዋል እንጂ አያፈርሰውም። ፎር ኬ ቴሌቪዥኖች ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ ቀለም ይዘው ስለሚመጡ ደንበኛው «ጠራልኝ» የሚለው ነገር ከነጥቡ ይልቅ ከቀለሙ ሊመጣ ይችላል። ዛሬ ከ50 ኢንች በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ያለ ፎር ኬ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። ከመጣ ይምጣ፤ እንደ ምርቃት እንቀበለው። የምቃወመው ለእርሱ ሲባል የመስኮቱን ስፋት ማሳነስን ወይም የዲሹንና የስታቢላይዘሩን ገንዘብ መውሰድን ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። በርካሽ ካርቶኖች ላይ «1080» የሚለው ጽሑፍ መሣሪያው እንዲህ ያለውን ሲግናል ይቀበላል ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የመስታወቱ የራሱ ነጥብ ግን 1,366 በ768 ሆኖ ይገኛል። መመሪያውን ከካርቶኑ ውስጥ አውጥቶ የፓነሉን የራሱን ነጥብ የሚገልጸውን መስመር ማንበብ ነውር የለውም።

ዕቃውን አይቶ ተመልካቹን መርሳት በአንድ ሳሎን የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከሰሌዳው ጎን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ተሰቀለልን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት አማካይነት ለአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች በአንድ ሰዓት ይሠራጭ ነበር። «ቀጥሎ ሒሳብ ነው?» መባባል ቀርቶ «ቀጥሎ ፕላዝማ ነው?» እንባባል ጀመር። የመስታወቱ ስም የትምህርቱ ስም ሆነ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ዛሬ ሳሰላው ባለ 42 ኢንች መስኮትን ከ8 ሜትር ርቀት ላይ ለሚያይ ተማሪ የሚደርሰው 225 መስመር ገደማ ነው፤ የአንድ ቀመር አናት ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ቁጥር 2 ትሁን 3 ለመለየት አይበቃም። ለይተን ሳንጨርስም ምስሉ ያልፋል፤ በሳተላይት የሚመጣ ነውና መምህሩ ሊያቆሙት አይችሉም። እርሳቸው የተሰጧቸው መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ።

የፕላዝማን መስኮት እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የፈለሰፉት ዶናልድ ቢትዘርና ጂን ስሎቶው ከተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን ጋር ሆነው ነው። ዓላማቸው መዝናኛ አልነበረም። ፕላቶ ለሚባለው፣ ተማሪው በኮምፒውተር ጥያቄ ቀርቦለት፣ መልስ ሰጥቶ፣ በራሱ ፍጥነት ለሚሄድበት የትምህርት ሥርዓት መስኮት ፈልገው ነው። በትውልዱ ተማሪን እንዲጠብቅ የተሠራ መሣሪያ እኛ ዘንድ ሲደርስ የማይጠብቅ ሆኖ መምጣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፕላዝማ በራሱ መጥፎ መስኮት አልነበረም። በሁለት መስታወቶች መካከል በጥቃቅን ጎጆዎች የታሰረ የኒዮንና የዜኖን ጋዝ በኤሌክትሪክ ሲነሣሣ በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰጣል፤ ጨረሩ የጎጆውን ግድግዳ የቀባውን ፎስፈር ሲመታ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይበራል። ብርሃኑ ከራሱ ከነጥቡ ስለሚወጣ ከጎንም ሆነ ከፊት ምስሉ አንድ ነበር፤ ጥቁሩም ጥቁር ነበር። ሆኖም ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። በጎጆዎቹ ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት ያነሰ ስለሆነ የውጩ አየር ሁለቱን መስታወቶች ጨምቆ ይይዛቸዋል። ነቀምቴ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ያህል ነው። ጨመቃው ሲላላ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይነዝራል። ስለዚህ ነበር አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ የከፍታ ገደብ ይጽፉ የነበረው። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ማምረቱን ሲያቆም ሳምሰንግና ኤልጂም በቀጣዩ ዓመት ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ የቀረው በአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው፤ «ፕላዝማ በርካሽ አገኘሁ» የሚል ሰው ብታገኙ ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ስሙት።

ዛሬ «ኤልኢዲ» ተብሎ የሚሸጠው በአመዛኙ ኤልሲዲ ነው። ከጀርባ ነጭ ብርሃን ይበራል፤ ፈሳሽ ክሪስታሉ እንደ መጋረጃ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ኤልኢዲው የጀርባው መብራት ስም ነው። ለጋሼ ሳሎን ወሳኙ ግን የመጋረጃው ዓይነት ነው። አይፒኤስ የሚባለው ከጎን ለሚቀመጡም ቀለሙን አይለውጥም፤ ጥቁሩ ግን ወደ ግራጫ ያደላል። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ የጠለቀ ነው፤ የደማቁና የጥቁሩ ልዩነት የአይፒኤስን ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ከጎን ሲያዩት ግን ፊቱ ይገረጣል። ብቻውን ፊት ለፊት ተቀምጦ ማታ ፊልም ለሚያይ ሰው ቪኤ ይበልጣል። እኛ ግን ቴሌቪዥን የምናየው እንዲያ አይደለም! ጎረቤት ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ሦስቱም ግድግዳ ይሞላል፤ ክብር ያለው እንግዳ ረጅሙን ሶፋ ሲይዝ ልጆች ጥግ ላይ ይቀራሉ። ለእንዲህ ያለ ቤት አይፒኤስ ይሻላል ባይ ነኝ። ይህን የሚጽፍ ካርቶን እምብዛም ስለሌለ መደብሩ ውስጥ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ማየት ይበቃል። የራሳችሁን ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለ መደብሩ የሚከፍትላችሁ የአበባና የፏፏቴ ምስል ማንኛውንም መስታወት ያሳምራል።

ኦኤልኢዲ የፕላዝማን በጎ ጠባይ ይዞ መጥቷል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ይበራል፣ ሲጠፋም ፈጽሞ ይጠፋል። ዋጋው ግን ከብዙ ቤቶች አቅም በላይ ነው። አንድን ጣቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቶ የሚውል ቤት ደግሞ ማዕዘን ላይ የማይነቃነቀው የጣቢያ አርማ ከጊዜ ብዛት መስታወቱ ላይ ጥላውን ሊተው እንደሚችል ማወቅ አለበት። ስለ ኳስ ማሳያ ቤቶች ፕሮጀክተር አንድ ነገር ብቻ ልበል፡- የምስሉን ስፋትና ቁመት እጥፍ ስታደርጉት ብርሃኑ በአራት እጥፍ ቦታ ላይ ይበተናል፤ የቀን ጨዋታ የሚገረጣው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሲግናሉ ልለፍ፤ በእኔ እምነት ክርክሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ለዓመታት በነቀምቴ ጣሪያዎች ላይ የነበረው ዲሽ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነበር፤ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለውን ናይልሳት ለማየት። በ2012 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው፣ ኢትዮሳት ወደሚባለው ሥርጭት ሲዛወሩ የከተማው ዲሾች ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ዲሽ የሚያስተካክሉ ወጣቶች ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘሉ የዋሉበት ጊዜ ነበር። ለነቀምቴ ስናሰላው የናይልሳቱ ዲሽ ከአድማስ 39 ዲግሪ ያህል ቀና ይል ነበር፤ የኢትዮሳቱ 64 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል፣ አቅጣጫውም ከትክክለኛው ምሥራቅ 23 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ነው። ቀና ማለቱ ለዝናባማው አገራችን ጥቅም አለው። ሲግናሉ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ በ30 በመቶ ያህል ያጥራል፤ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ በክረምት የሚቋረጠው ያንሳል ማለት ነው። የአናሎግ ሥርጭት ሲዳከም በረዶ እየዘነበበት ቢሆንም ይታይ ነበር። ዲጂታል ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ ይጠራና፣ ድንገት በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ሰፋ ያለና በደንብ የተስተካከለ ዲሽ ከማንኛውም የነጥብ ብዛት ይልቅ ምስል ይሰጣል።

በኢትዮሳት ከሚተላለፉት ጣቢያዎች በርካቶቹ በኤችዲ ይመጣሉ። ይሁንና የድሮው ሪሲቨር የኤምፔግ 4ን አጨማመቅ መፍታት ካልቻለ አዲሱ ቴሌቪዥን ጥቁር መስታወት ነው፤ በቀጭኑ የቪዲዮ ገመድ ካገናኛችሁትም ኤችዲው ገመዱ ላይ ይቀራል፤ ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል። ፎር ኬ ከየት ይመጣል? በዋነኛነት ከኢንተርኔት። ፉል ኤችዲ ፊልም በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢፈስ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል፤ ፎር ኬ የዚህን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይፈልጋል። በጥቅል የሚከፍል ተማሪ ይህን ሲያባዛ ራሱ ይስቃል። ደግሞም በወለጋ የምንኖር ሰዎች የማንረሳው ነገር አለ፡- በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወራት ገደማ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት በየቤቱ የሚሠራው መስኮት ዲሹ ብቻ ነበር፤ ዓለም ስለ ኮሮና ሲያወራ ብዙዎቻችን የሰማነው በእርሱ ነው። የቤትን እይታ ሁሉ በኢንተርኔት ላይ እንድናሳርፍ የሚመክሩን ሰዎች ይህንን ከግምት ያስገቡ እላለሁ።

ስለ መብራት ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የዘመኑ ቴሌቪዥን ዝቅ ያለ ቮልቴጅን በደንብ ይችላል፤ የሚገድለው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍታ ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል ምንም አያስከፍልም፤ የተረጋገጠ ስታቢላይዘር መግዛት ደግሞ ከፎር ኬ ጭማሪው በፊት ሊመጣ ይገባዋል።

ጋሼ በመጨረሻ ባለ 50 ኢንች ገዙ፤ መደብሩ ውስጥ ከግራም ከቀኝም ቆመው ካዩት በኋላ። ፎር ኬ መሆኑን ያየሁት ካርቶኑ ቤት ሲገባ ነው። በቀረው ገንዘብ ሪሲቨርና ስታቢላይዘር ተገዛ፤ ዲሹም እንደገና ተስተካከለ። ፀሐዩ እንዳይመታው ቡፌውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወርነው፤ ሶፋውንም ከአዲሱ መስታወት ፊት 2 ሜትር ከ10 አድርገን አስጠጋነው። በዚህ ርቀት ዓይን 1,020 መስመር ያህል ይለያል፤ በደብተራቸው ጻፉት። አንድ ሳምንት እንዲሁ ሰነበተ። በሚቀጥለው እሑድ ስሄድ ግን ሶፋው ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘሁት። ለካስ እትዬ «ረከቦቴን የት ላስቀምጥ? ቡናውንስ የት ላፍላ?» ብለው ነው። ጋሼ ሜትሩን አምጥተው ለኩት፤ 2 ሜትር ከ70። «ስንት መስመር ቀረን?» አሉኝ። «790 ገደማ» አልኳቸው። ጻፉትና ሲኒያቸውን አነሡ።